ካራ ቆሬ ላይ የሚወርደው ቀለም

አፏ ሰፊ ነው ይሉኛል። ይበሉ! በዚህ አፍ ነው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰበታን፣ የቡራዩንና የሱሉልታን የግቢ በር ሳሳምር የኖርኩት።

ደመቀች እባላለሁ። ሰበታ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው በእትዬ እናትነሽ ብረታ ብረት ቤት ቀለም በጥባጭ ነኝ። በያጆቹ ላሜራውን ይቆርጣሉ፣ አበባውን ይጠመዝዛሉ፣ በሩን አቁመው "ጨረስን" ብለው ሻይ ሊጠጡ ይወጣሉ። ምኑን ጨረሱት? ያ ገና ብረት ነው! በር የሚሆነው እኔ ቀለሙን ሳቀጥነው ነው። ከፋብሪካ በጣሳ የሚመጣ ቀለም ለስፕሬይ አይሆንም፣ ይወፍራል። እንዳለ ከሞላኸው የስፕሬዩን አፍ ያንቀዋል፣ ወይም የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ገጽ ይተፋብሃል። ቲነር ካበዛህበት ደግሞ ያለቅሳል። "አለቀሰ" ነው የምንለው፤ ከላይ እስከ ታች እንባው እየተንዠረገገ በሩን ያበላሸዋል። በሁለቱ መካከል ያለችው ቦታ በጣም ጠባብ ናት። እሷን አግኝቶ እሷ ላይ መቆም ነው ሙያ ማለት።

አዲስ አበባ ያሉ ትልልቅ ጋራዦች ለዚህ የተሠራ መለኪያ ኩባያ አላቸው አሉ፤ በሰዓት ይዘው ይለካሉ። የኔ መለኪያ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ቂጡን በሚስማር አንዴ ወግቼዋለሁ፣ በቃ። ጣሳውን ቀለሙ ውስጥ ነክሬ አወጣዋለሁ፤ ቀለሙ በቀዳዳው እንደ ክር መውረድ ሲጀምር እኔ ፌርማታ መጥራት እጀምራለሁ።

አዎ፣ የታክሲ ፌርማታ! ቀለም ቤት ከመግባቴ በፊት ከሰበታ ሜክሲኮ ባለው መስመር ስድስት ዓመት ወያላ ነበርኩ። ያኔ ሴት ወያላ ብርቅ ነው። ዓለም ገና ላይ የጠራሁት ወለቴ ይሰማል እየተባለ ይቀለድብኝ ነበር። ያ ጥሪ እስካሁን አለቀቀኝም፤ ሁልጊዜም ርዝመቱ አንድ ነው። እያንዳንዱን ፌርማታ ሦስት ሦስቴ እጠራለሁ፣ ትንፋሽ እወስዳለሁ፣ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ሰበታ ሰበታ ሰበታ! ዓለም ገና ዓለም ገና ዓለም ገና! ወለቴ ወለቴ ወለቴ! ካራ ቆሬ ካራ ቆሬ ካራ ቆሬ! ሦስተኛውን ካራ ቆሬ ስጨርስ ክሩ ተበጥሶ ጠብ ጠብ ማለት ከጀመረ፣ ቀለሙ ለስፕሬይ ደርሷል። ወለቴ ላይ ከተበጠሰ ቀጥኗል። አየር ጤናን አልፎ ጦር ኃይሎች፣ ሜክሲኮ ድረስ ከሄደ ወፍሯል፣ ቲነር ያስፈልገዋል። ክሩን ቁጢጥ ብሎ የሚያየው ቀቢው ነው። ልክ ሲበጠስ "ወራጅ አለ!" ይላል። በያጆቹ ይስቃሉ። ይሳቁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ካራ ቆሬ የወረደ ቀለም አንድም ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም፣ ከዚያች ሐሙስ በቀር።

ሐሙስ ጠዋት ቡናማውን ቀለም ከፍቼ በእንጨት እያማሰልኩ ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን እየመረኮዙ ገቡ። እትዬ እናትነሽ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ወንበር አቀረቡላቸው። ሱሉልታ አዲስ ለሠሩት ቤት ትልቅ ባለ ሁለት ተካፋች በር ያዘዙት ደንበኛ ናቸው። እሁድ ልጃቸው አቤኒ ትዳራለች፤ ሙሽራው ሲመጣ የሚገባው በዚያ በር ነው። "ብረት የሰበታ ነው" ብለው እኮ ነው ያን ያህል መንገድ አቋርጠው እኛ ጋ የመጡት። ቀና ብዬ ሳያቸው ልቤ ድንግጥ አለ። ኦቦ ዋቅጋሪ! የድሮ አከራዬ!

ወያላ ሳለሁ እዚሁ ሰበታ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነበር። ሥራ ቦታ የለመድኩት ጩኸት ቤትም አይለቀኝ ኖሯል። አንድ እሁድ ጠሩኝና "ልጄ፣ ክፉ ሰው አይደለሽም። ድምፅሽ ግን የመንገድ ነው እንጂ የግቢ አይደለም። እኔ ሴቶች ልጆች አሉኝ። ሌላ ቤት ፈልጊ" አሉኝ። አልሰደቡኝም፣ አላመናጨቁኝም። ዕቃዬን በጋሪ ጭኜ ወጣሁ። ስንትና ስንት ዓመት አለፈ፣ ያቺ ቃል ግን እስከዛሬ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራ አለች።

"አካም ቡልተን፣ ኦቦ ዋቅጋሪ?" ስል በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው፣ እጄን በጨርቅ እየጠረግኩ።

ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩኝ። "አንቺ... ያቺ ወያላዋ አይደለሽም?"

"ነበርኩ። አሁን የበርዎን ቀለም የማዘጋጀው እኔ ነኝ።"

ወደ እትዬ እናትነሽ ዞር ብለው ሳቁ። "ወይ ጉድ! የልጄን የሠርግ በር ቀለም ወያላ ነው እንዴ የሚበጠብጥልኝ?"

ለሳቸው ቀልድ ነው። እኔ ግን ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ ነደድኩ። ቆይ፣ አልኩ በሆዴ፤ ፊትዎን የሚያዩበት በር ነው የምሠራልዎ፣ ያን ጊዜ ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ!

ቀቢያችን ሰልማን ነው። ቡራዩ የሚኖር፣ ከአፉ ነገር የማይወጣ ወጣት፣ እጁ ግን እጅ ነው! ሥራ የጀመረ ጊዜ እትዬ እናትነሽ "ሦስት ወር አይሃለሁ። አንድ በር ካበላሸህብኝ ግን እዚያው ላይ እንለያያለን" ብለውታል። ሦስት ወሩ ሊሞላ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሚስቱ ሳሊሃ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ይህን የማያውቅ ሰው በግቢው ውስጥ የለም።

ጣሳዬን ነክሬ አወጣሁና ጠራሁ። ሰልማን ቁጢጥ ብሎ ክሩን ያያል። ሜክሲኮ ደረስኩ፤ ክሩ አልተበጠሰም። "ወፍሯል" አልኩና ቲነር ጨመርኩ። እንደገና ጠራሁ፣ ጦር ኃይሎች። አሁንም ጨመርኩ። አየር ጤና። አሁንም ጨመርኩ። ኦቦ ዋቅጋሪ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው ይመለከቱኛል። እያየኋቸው ነው የምጠራው፤ እያየኋቸው ነው የምናደደው።

ሰልማን ቀና አለ። "ደሜ፣ ዛሬ ሚኒባሱ አልፈጠነም?" አለኝ በቀስታ።

"ሥራህን ሥራ አንተ! መንገዱን እኔ ነኝ የማውቀው!"

በአራተኛው ጥሪ ካራ ቆሬ ላይ ተበጠሰ። "ወራጅ አለ" አለ፣ እንደ ወትሮው ግን አልጮኸም። ቀለሙን በስቶኪንግ አጠለልኩት። ሰልማን ቁራጭ ላሜራ አነሳና "መጀመሪያ እዚህ ላይ ልሞክረው?" አለ።

ሁልጊዜ እንሞክራለን፤ የሥራው ሀሁ ነው። ያን ቀን ግን ኦቦ ዋቅጋሪ ፊት መሞከር ጣሳዬን እንደ መጠርጠር መሰለኝ። "ከመቼ ወዲህ ነው የኔ ጣሳ በቁራጭ ብረት የሚፈተነው? ቅባ ብዬሃለሁ!" አልኩት። ዕድሜዬን አከበረና ቀባ።

ሲቀባ ብታዩት! ክንዱ ከበሩ እኩል እየራቀ፣ ከጫፍ ጫፍ፣ ሳይቸኩል ሳይዘገይ። ሁለቱንም ተካፋች ጨርሶ ኮምፕሬሰሩን ሲያጠፋው በሩ አብረቀረቀ። ወደ ኦቦ ዋቅጋሪ ዞሬ አገጬን ቀና አደረግኩ። አምስት ደቂቃም አልቆየ፤ ከላይኛው አበባ ሥር አንዲት እንባ ወረደች። ሌላ ተከተለቻት። ከዚያማ በሩ በሙሉ አለቀሰ።

"በስመ አብ!" አሉ እትዬ እናትነሽ እየሮጡ መጥተው። "ሰልማን! ምን አደረግክ? አስጠግተህ ነው የረጨኸው፣ አይደል? እጅህ ከብዷል! ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!"

ኦቦ ዋቅጋሪ ከወንበራቸው ተነሡ። "ሠርጉ እሁድ እኮ ነው" አሉ።

ሰልማን አንዴ ብቻ አየኝ። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለና "ይቅርታ፣ እትዬ" አለ።

ምን አጥፍቶ ነው ይቅርታ የሚለው? እኔ እኮ ገብቶኛል። እንባዋን እንዳየሁ ነው የገባኝ። ስናደድ ምላሴ ይፈጥናል። ምላሴ ሲፈጥን ሜክሲኮ ቶሎ እደርሳለሁ፤ ቀለሙ ግን በራሱ እግር ነው የሚሄደው። እሱ ወፍራም አልነበረም፣ እኔ ነኝ የበረርኩት። ልክ ባልነበረ ጥሪ ሦስት ጊዜ ቲነር ገለበጥኩበት። ነግሮኝም ነበር! "ሚኒባሱ ፈጠነ" ብሎኝ ነበር!

ዝም አልኩ። ለምን እዋሻለሁ፣ ዝም አልኩ። በሌላ ቀን ቢሆን ለእትዬ እናትነሽ ወዲያው እናገር ነበር። እኚህ ሰው ፊት ግን፣ "ወያላ ነው እንዴ" ባሉኝ አፍ "ብዬ ነበር" ሲሉኝ? ሞቼ ነው ቆሜ! ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። ይቀጣ ይሆናል እንጂ አይባረርም አልኩ፤ ወጣት ነው፣ ሌላ ሥራ ያገኛል አልኩ። ሰው ራሱን ለማታለል ቃል አያጣም።

ሰልማን የአፍ መሸፈኛውን አወለቀ። ሁለት ቦታ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። ስፕሬዩን ጠርጎ በቦታው ሰቀለ። ለሚመጣው ሰው ነው የጠረገው። እሱን ሳይ ወደ እትዬ እናትነሽ ዞርኩ።

"እትዬ! የሰልማን እጅ ንጹሕ ነው!"

ያ የወለቴው ድምፄ ነው የወጣው። በያጁ እንኳን መበየዱን አቆመ። "ያቀጠንኩት እኔ ነኝ። ተናድጄ ፌርማታዬን በሩጫ ጠራሁ፣ ቲነር አበዛሁ። ፈጠንሽ ሲለኝ ተቆጣሁት። ልሞክረው ሲለኝ ከለከልኩት። የሚባረር ሰው ካለ እኔ ልባረር!" ከዚያ፣ አንዴ አፌ ተከፍቷል፣ ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። "ኦቦ ዋቅጋሪ፣ ያናደዱኝ አንቱ ነዎት። ያበላሸሁት ግን እኔ ነኝ።"

"እኔ?" አሉ። "ምን ብዬሽ?"

"ወያላ ብለውኝ።"

"ታዲያ ወያላ አልነበርሽ?"

"ነበርኩ!" አልኩ። "ያውም ጎበዝ ወያላ ነበርኩ! የሰው መልስ በልቼ አላውቅም፣ አሮጊት ጥዬ ሄጄ አላውቅም። በዚያ ጥሪ ነው ዛሬ ቀለም የምለካው። ዛሬ የተበላሸው ወያላ ስለሆንኩ አይደለም፣ እንደ ወያላነቴ ስላልጠራሁ ነው!"

ኦቦ ዋቅጋሪ እኔን አዩ፣ የሚያለቅሰውን በር አዩ። ይሄዳሉ ስል ተመልሰው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። "እስቲ እንግዲህ ጥሪና ልየው" አሉ።

እትዬ እናትነሽ ለአፍታ ከንፈራቸውን ነከሱ። "እስከ ዘጠኝ ሰዓት። በሩን ደግሞ ብታስለቅሱብኝ ሁለታችሁንም ነው የማሰናብተው" አሉና ራሳቸው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ቀለሙ ገና እርጥብ ስለነበር በቲነር በተነከረ ጨርቅ ሙልጭ አድርገን አጠብነው። እትዬ እናትነሽ፣ ሰልማን፣ በያጆቹ፣ ሁሉም ጨርቅ ያዘ። ከአበባዎቹ ውስጥ እንኳን በጣታችን እየቆፈርን አወጣነው። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርገን አሸነው፣ አቧራውን ጠረግን። የቀጠነውን ቀለም ወደ ጎን አድርጌ አዲስ ጣሳ ከፈትኩ። ፊቴን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠብኩ። አንድ ጊዜ "ኢየሱስ፣ እርጋታ ስጠኝ" አልኩ። ትንፋሼ ቦታው ተመልሷል። እውነቱን ከተናገርኩ በኋላ የሚያስሮጠኝ ነገር አልነበረም።

ቲነሩን በጥቂት በጥቂቱ እያንቆረቆርኩ አማሰልኩ። ጣሳውን አወጣሁ። ሰበታ ሰበታ ሰበታ። ዓለም ገና ዓለም ገና ዓለም ገና። ወለቴ ወለቴ ወለቴ። መንገዱ ሁሉ ታየኝ፤ የሰበታ ፋብሪካ ሴቶች ከነምሳ ዕቃቸው፣ ከዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ ፌርማታ በድምፄ ብቻ አውቀውኝ "ደሜ ናት" ብለው የሚገቡት ተማሪዎች። ካራ ቆሬ ካራ ቆሬ ካራ ቆሬ።

"ወራጅ አለ!" አለ ሰልማን።

"በቁራጭ ሞክረው" አልኩት። ሞከረው። ቆምን፣ አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። አንዲት እንባ የለም። ሰልማን መሸፈኛውን ከኪሱ አውጥቶ አሰረና በሩን ቀባ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ እናትነሽ በሩን ሦስት ጊዜ ዞሩት። ወደ ሰልማን ሄደው "ሦስት ወርህን ዛሬ ጨርሰሃል። ሂድ፣ ለሳሊሃ ንገራት" አሉት። ወላሂ ያ ልጅ መሳቅ እንደሚችል ያን ቀን ነው ያየሁት፤ "ወላሂ"ን ከሱ ነው የለመድኩት። ኦቦ ዋቅጋሪ በሩ ፊት ቆመው ነበር። ፊታቸው ቡናማው ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። "ቅዳሜ እጠብቃችኋለሁ" አሉና ሄዱ። በቃ! አንዲት "ገላቶማ"፣ አንዲት ምስጋና እንኳን ከአፋቸው አልወጣችም። አልደብቅም፣ ቅር አለኝ።

ቅዳሜ በሩን በአይሱዙ ጭነን አዲሱ ገበያን አልፈን ዳገቱን ወጣን። ሱሉልታ ብርዱ ሌላ ነው፤ ጠዋት ጣት ያደርቃል። በር ሲተከል ማጠፊያው እዚያው ስለሚበየድ እሳቱ ቀለሙን ያቃጥለዋል፤ ለዚህ ነው እኔና ሰልማን ትንሿን ኮምፕሬሰር ይዘን የተከተልነው። ግቢው ሠርግ ሠርግ ይሸታል። ድንኳን ይተከላል፣ ሽንኩርት ይላጣል፣ ሞንታርቦው ይጮኻል፣ ሰው በኦሮምኛም በአማርኛም ይጠራራል። በሩ ቆመ። አላፊ አግዳሚው እየቆመ ያየው ጀመር። የቀረው ማጠፊያዎቹ አካባቢ የተቃጠለው ብቻ ነው።

ቀለሙን አማሰልኩ፣ ጣሳዬን አነሳሁ፤ ድምፄን ግን ከጉሮሮዬ ማውጣት አቃተኝ። ግቢያቸው ነው። "ድምፅሽ የመንገድ ነው" ያሉኝ ሰው ግቢ። የልጃቸው ሠርግ፣ የከበረ እንግዳ ሁሉ ተሰብስቦ። አፌ ሰፊ ነው ያልኳችሁ ሴትዮ በሹክሹክታ ጀመርኩ። "ሰበታ ሰበታ..." ለራሴም አልሰማ አለኝ፣ ምቱ ጠፋብኝ።

"ደሜ፣ አይሆንም" አለ ሰልማን። "እንዲህ ከለካሽው ሐሙስን ነው የምንደግመው።"

የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። ኦቦ ዋቅጋሪ ነጭ በነጭ ለብሰው ከድንኳኑ ወጥተዋል። ጣሳዬን አዩ፣ ፊቴን አዩ። ከዚያ ዞረው ከዘራቸውን የብረት ምሰሶው ላይ ኳ ኳ ኳ አደረጉት።

"ሞንታርቦውን አጥፉ!"

ጠፋ። ሽንኩርት የሚልጡት ሴቶች ቀና አሉ። አቤኒ ራሷ፣ ፀጉሯ በግማሽ የተሠራ፣ በመስኮት ብቅ አለች።

"ሁላችሁም ጸጥ በሉ! ይህች ሴት ስትጣራ በዚህ ግቢ ሰው አይናገርም። ደመቀች ትባላለች። ይህን በር በድምፅዋ ነው የሠራችው።" ስሜን ሲጠሩ የመጀመሪያቸው ነው፤ ማንን እንደጠየቁ አላውቅም። ወደኔ ዞሩ። "ጥሪ፣ ልጄ። እንደ መንገዱ አድርገሽ ጥሪ።"

ጠራሁ። በመጀመሪያው አየር ጤና ደረሰ፤ በብርዱ ቀለሙ ወፍሯል። አንዲት ማንኪያ ቲነር ጨመርኩ፣ አማሰልኩ፣ ጣሳውን ወደ ላይ አነሳሁ። ኦቦ ዋቅጋሪ ከዘራቸውን ለሰልማን ሰጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ክሩን ለማየት ጎንበስ አሉ። ሰበታን ጠራሁ፣ ዓለም ገናን ጠራሁ፣ ወለቴን ጠራሁ። ድምፄ ከአዲሱ ግድግዳ እየነጠረ ግቢውን ሞላው። ካራ ቆሬ፣ ካራ ቆሬ፣ ካራ ቆሬ!

"ወራጅ አለ!" አሉ ኦቦ ዋቅጋሪ፣ ከኔም በበለጠ ድምፅ።